የዶዮገናው ስምንተኛ ብሎን

ባለፈው ወር ልጄ ግቢያችን ውስጥ የራሱን መኪና በራሱ እጅ ሊጠግን ተነሳ። ስልኩን ድንጋይ ላይ አቁሞ፣ ስልኩ ውስጥ የሚናገረውን ሰውዬ እያየ ይፈታል። እኔ በረንዳ ላይ ጎመን እቀነጥሳለሁ። አንድ ጊዜ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቁልፍ ከብሎን ራስ ላይ ሲንሸራተት የሚያወጣው ድምፅ ነው፤ በእንቅልፌም ብሰማው አውቀዋለሁ።

"ተወው" አልኩት።

"ትንሽ ነው የቀረው፣ እማዬ።"

"ተወው አልኩህ።"

ሁለተኛ ቀጭ አለ። ሦስተኛም። ተነሥቼ ስጠጋ ስድስት ማዕዘን የነበረው የብሎን ራስ እንደ ተላጠ ድንች ክብ ሆኗል።

"አሁን ምን ይሻላል?" አለኝ።

"መጀመሪያ ያንን ሰውዬ ዝም አሰኘው።"

ስልኩን አጠፋ። ሞረዴን ከሣጥን አውጥቼ፣ ወንበር አስመጥቼ ተቀመጥኩና ከሰዓት በኋላ ብሎኑን አወጣሁለት። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲያይ ቆየና "ይህን ከማን ተማርሽው?" አለኝ። "ከሥራ" አልኩት። ብዙ መናገር አልወድም። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ጊዜ አለኝ፤ ስለዚህ መልሱን እዚህ ላስቀምጥለት።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ነው። ሆሳዕና ውስጥ፣ ክትባትና መድኃኒት ይዘው ወደ ገጠር የሚወጡ መኪኖች የሚጠገኑበት ጋራዥ ነበር። የተቀጠርኩት ወለል ልጠርግና የተፈቱ ዕቃዎችን በናፍታ ላጥብ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም በየወሩ ይመጣል፤ ጌታ ይመስገን፣ ሁለት ልጆች አሳድጌበታለሁ።

የጋራዡ ኃላፊ በስብሰባ ላይ ስለ ሴቶች እኩልነት ሲናገር ሁላችንንም ያስጨበጭባል። ስብሰባው ሲያበቃ "ጓድ ወርቅነሽ፣ ሻይ አምጪልኝ፤ ስኳሩን ጠንከር አድርጊው" ይለኛል። ስኳር በራሽን በሚሰጥበት ዘመን! መካኒክ ያደረገኝ ስብሰባው አይደለም። ጋሽ ሐንዲሶ ናቸው።

ጋሽ ሐንዲሶ የጋራዡ ትልቅ መካኒክ ነበሩ። የሌሞ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቱታቸው ላይ የዘይት ጠብታ የማይታይ። ዕቃ ሳጥብ ከኋላዬ ቆመው ያዩኝ ነበር። አንድ ቀን "ይሄ የምን ብሎን ነው?" ብለው አንዱን አነሡ። "የውሃ ፖምፓ፤ ከታች በኩል ያለው" አልኳቸው። "እንዴት አወቅሽ?" "ከሁሉም እሱ ነው የሚዝገው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ መጥረጊያውን ሌላ ሰው ያዘው።

ልማዳቸውን ልናገር፤ የተማርኩት ከልማዳቸው እንጂ ከንግግራቸው አይደለምና። ሞተር ከመንካታቸው በፊት በካርቶን ላይ የሞተሩን ፊት በከሰል ይሥላሉ። እያንዳንዱን ብሎን ሲፈቱ በካርቶኑ ላይ በቦታው ይሰኩታል። ቁልፍ ከማስገባታቸው በፊት የብሎኑን ራስ በጨርቅ ይወለውሉና በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ይዳስሱታል፤ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው፣ ጣታቸው ነው የሚያየው። ብሎን እንቢ ካላቸው አይታገሉትም። ናፍታ ያጠጡታል፣ በትንሽ መዶሻ ራሱን ቆርቆር ያደርጉታል፣ ትተውት ይሄዳሉ። ሲመለሱ መጀመሪያ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ በጣም ጥቂት ያጠብቁታል። ዝገቱ ሲሰበር በእጅ ይታወቃል። ያን ጊዜ ይፈቱታል። ቁልፉን በቧንቧ አስረዝሞ የሚታገል ሰው ካዩ ደግሞ ሥራቸውን ጥለው ይወጣሉ፤ ማየት አይችሉም ነበር።

ሌላው ነገራቸው ልክ ነው። መኪኖቻችን የእንግሊዝ ስለነበሩ ብሎናቸው በኢንች ነው። ከወዳጅ አገር በሣጥን የመጡልን አዳዲስ ቁልፎች በሚሊ ናቸው። ግማሽ ኢንች ብሎን ላይ የአሥራ ሦስት ሚሊ ቁልፍ ይገባል። ክፋቱም መግባቱ ነው። ጥቂት ይላላል፤ ብሎኑ ቀላል ከሆነ ይፈታል፣ ከጠበቀ ግን ማዕዘኑን ይበላዋል። ጋሽ ሐንዲሶ በኢንች የሆኑትን አሮጌ ቁልፎች በጨርቅ ጠቅልለው በራሳቸው ሣጥን ይቆልፉ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ግማሽ ኢንቹን ቁልፍና አንዲት ጣት የምታክል ሞረድ ሰጡኝ። ሌላ ስንብት አላደረግንም።

ከዚያ ሁለት ዓመት ዱራሜ ሠራሁ፤ ጣሪያ በሌለው ጋራዥ፣ ዝናብ ሲመጣ ከመኪናው ሥር እየገባን። ሆሳዕና ስመለስ ለክትባት ሥራ የሚወጣው ላንድሮቨር ላይ ተመደብኩ። መኪናው ከማርጀቱ የተነሳ ያለ መካኒክ አይወጣም ነበር። ሾፌሩ ተስፋዬ ይባላል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ያለ ቀልድ አንድ ኪሎ ሜትር መንዳት አይችልም። ክትባት የምትሰጠው ሲስተር ማርታ ነበረች፤ ካቶሊክ ናት፣ እኔ ጴንጤ። የኛ ጸሎት ቤት በዚያ ጊዜ ታሽጎ ነበር። ዳገት ላይ ስንደርስ እሷ መቁጠሪያዋን ታወጣለች፣ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ተስፋዬ "እናንተ ተስማሙና አንዱ ይግፋልኝ" ይላል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የኩፍኝ ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዘን ወደ ሀደሮ ተነሣን። በዚያ ወር ኩፍኝ በዚያ በኩል ገብቶ ነበር። እናቶች ዓርብ ጠዋት ልጆቻቸውን ይዘው እንዲሰበሰቡ በገበሬ ማኅበሩ በኩል ተነግሯቸዋል። ዶዮገና ልንገባ ስንል የሞተሩ ሙቀት ወጣ። ወርጄ አየሁ፤ የውሃ ፖምፓው ያፈሳል። መኪናው መታጠፊያ ላይ ስለቆመ እዚያ መሥራት አይቻልም። የባለቤቴ ቤተሰቦች ቤት ከዚያ ብዙ አይርቅም ነበር። በሬዎች ተጠምደው ላንድሮቨሩን እየጎተቱ አማቶቼ ግቢ፣ ከእንሰቱ ሥር አስገቡት። ተስፋዬ መሪውን ይዞ በሬዎቹን "ማርሽ ቀይሩ!" ይላቸው ነበር።

አልደነገጥኩም። ጋሽ ሐንዲሶ እንዳስተማሩኝ የታደሰ ፖምፓ በትርፍ ይዤ ነበር፤ ውሃ እንዳያሾልክ በመካከል የሚገባ፣ ከካርቶን የተቆረጠ ጋርኒሲዮንም አለኝ። አሮጌው በስምንት ብሎን ታስሯል። ራዲያተሩን አወረድኩ፣ ካርቶኔ ላይ ሣልኩ፣ ሥራ ጀመርኩ። እስከ ሰባት ሰዓት ሰባቱ ወጡ። ስምንተኛው፣ ከታች ያለው፣ እንቢ አለ።

"በረዶው እስከ መቼ ይቆያል?" አልኳት ሲስተር ማርታን።

"እስከ ነገ ቀትር፤ ሣጥኑን ካልከፈትነው። ፈረስ ይፈለግልኝና ሣጥኑን ይዤ ልሂድ እንዴ?"

"ነገ ማለዳ ይወጣል" አልኳት። "ከአንድ ሰዓት በፊት እንነሣለን።"

እውነቴን ነበር። ብሎኑን ናፍታ አጠጣሁት፣ ቆረቆርኩት፣ ቁልፌን በጨርቁ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። እስከ ማለዳ ማንም እንዳይነካው ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ውሃ ልጠጣ ወደ ቤት ገባሁ።

ስወጣ ግቢው ሰው ሞልቷል።

እንግዲህ የኛን የከምባታን አገር የሚያውቅ ያውቀዋል። በግቢ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ሲለፋ ማየት ለጎረቤት ነውር ነው። ቤት ሲሠራ፣ እንሰት ሲነቀል፣ ሰው ይመጣል፤ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ከዚያ በዕድሜ ተራ ይያዛል። ለብሎንም እንዲሁ መጡ። ስድስት ወንዶች፣ ከፊታቸው አማቴ። በባህላችን ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ እኔ ግን ዛሬም አልጠራውም፣ እዚህም አልጽፈውም። አባባ እላቸዋለሁ። ስም ብቻ አይደለም። ምራት በአማቷ ፊት ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፣ "አይሆንም" አትልም።

"ልጄ፣ ደክሞሻል፤ ቁጭ በይ" አሉኝ አባባ። "ይህ የወንድ ጉልበት ነው የሚፈልገው።"

"ነገ ማለዳ በራሱ ይወጣል፣ አባባ" አልኩ፤ ወደ መሬት እያየሁ።

"ሰው እያለ ለምን ነገ?"

ከዚያ መረቁ። ብሎኑን መረቁት! እጃቸውን ዘርግተው "ይልቀቅ፣ ይፈታ፣ መንገዱ ይቅና" አሉ፤ ሌሎቹም አሜን አሉ፤ እኔም አሜን አልኩ፤ ምን አደርጋለሁ። ተስፋዬ የመኪናውን የመሣሪያ ከረጢት ከፍቶ አሥራ ሦስቱን ቁልፍና ቧንቧ አቀበላቸው።

አየሁት። አሥራ ሦስት መሆኑን ከሩቅ አወቅሁት። አፌን ከፈትኩ። አባባ ዞር ብለው አዩኝ። አፌን ዘጋሁ።

ቀጭ።

"ነቀነቅኩት!" አሉ አባባ ደስ ብሏቸው። የነቀነቁት ቁልፉን ነበር። ቀጥሎ ወንድማቸው ያዙት። ቀጭ። ቀጥሎ የጎረቤቱ ሽማግሌ፤ ቀጥሎ የሽማግሌው ልጅ፤ ማንም ተራውን አላለፈም፤ ማለፍ ንቀት ይሆናላ። ሲስተር ማርታ እጄን ቆነጠጠችኝ። "ተናገሪ እንጂ! መካኒኳ አንቺ አይደለሽም?" አለች በአማርኛ፣ በጆሮዬ። ለሷ ቀላል ነበር፤ አማቷ አይደሉም። ስድስተኛው ሰው ሲጨርስ አማቴ ሚስታቸውን ጠሩ፤ እማማ ቅቤ ይዘው መጡና የቀረውን የብሎን ራስ በፍቅር ቀቡት። "ቅቤ የማያለዝበው ነገር የለም" አሉኝ። ሰባተኛ ሰው ተገኝቶ በቅቤው ላይ ሞከረ። ቁልፉ ከእጁ ወጥቶ የእንሰቱ ግንድ ላይ ተሰካ።

"በጣም ጠበቀ" ብለው ተነሡ። "ሰይጣን ይዞታል" ያለም ነበር። አመሰገንኳቸው። ምሳ በሉ፤ ሄዱ። በአውራ ጣቴ ስዳስሰው ማዕዘን የሚባል የለም።

ያኔ ፈረስ ማስፈለግ ነበረብኝ። ዛሬ ዛሬ እሱ ነው የሚቆጨኝ፤ ከብሎኑ በላይ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሲስተር ማርታ ዓይን ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች። "ሂጂ፣ ይህ ነገ አይወጣም" ብላት ለምን እንደማይወጣ መናገር ሊኖርብኝ ነው። በአማቴ ግቢ፣ አማቴን። "ይወጣል" አልኳት።

ዓርብ ሲነጋ ሥራ ጀመርኩ። ለተበላ ብሎን አንድ መንገድ አለ፤ ክቡን ራስ በሁለት ጎን ሞርዶ ጠፍጣፋ ማድረግ፤ ከዚያ ለዚያ ልክ የሚሆን ትንሽ ቁልፍ ይገኛል። ቅቤውን በናፍታ አጠብኩት። ሞረዷ የምትንቀሳቀስበት ቦታ የጣት ስፋት ነው። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት። በግራ ጎኔ ተኝቼ፣ ዝገቱ ዓይኔ ውስጥ እየገባ። ሦስት ሰዓት ሲሆን አንዱ ጎን ተስተካከለ። ሁለተኛውን ጀመርኩ። ሲስተር ማርታ ሣጥኑን ወደ ጥላ ታዞራለች፤ በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍነዋለች፤ ሰዓቷን ታያለች።

አምስት ሰዓት ላይ አባባ ሰዎቹን አስከትለው ተመለሱ።

"እስካሁን?" አሉ። አጎንብሰው አዩ። "ይህቺ ትንሽ ነገር ምን ትሠራለች? ወዲህ በይው፣ ቶሎ ልጨርስልሽ።" እጃቸው ወደ ሞረዷ መጣ።

"አባባ፣ ይበቃል" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። "እጅዎን ያንሡ። አይንኩት።"

አባባ ቀና አሉ፤ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉና ወጡ። ሰዎቹ ተከተሏቸው። እማማ ከበሩ ላይ "ምን ጉድ ነው" ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ ተመልሼ ተኛሁና ሞረድኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ቁልፍ ያዘልኝ። ተስፋዬ የጋለ ብረት ከምድጃ አምጥቶ የብሎኑን ራስ አሞቀልኝ። መጀመሪያ ጥቂት አጠበቅሁት። ዝገቱ ሲሰበር በእጄ ታወቀኝ። ከዚያ በሁለት ጣት ወጣ፤ ምንም ሳይል፣ እንደ ቡሽ። አዲሱን ፖምፓ አስሬ፣ ራዲያተር መልሼ፣ ውሃ ሞልቼ ሞተሩ ሲነሣ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር።

ሲስተር ማርታ ሣጥኑን ከፈተች። ውሃ ነው። ጠርሙሶቹ ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። አንዱን አንሥታ በጉንጯ ላይ አደረገችው፤ መልሳ አስቀመጠችው።

"ይደፋ" አለች።

በማግሥቱ ባዶ ሣጥን ይዘን ሀደሮ ሄድን። ተስፋዬ "ለምን እንሄዳለን?" ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ እንሂድ ያልኩት። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ጠብቀው ከሄዱት እናቶች አሥራ አምስት የሚሆኑ ተመልሰው መጥተው ነበር። አንዲት ቀጭን ሴት፣ ልጅዋን በጀርባዋ ያዘለች፣ ወደ መኪናው ቀረበች።

"ትናንት ምን ሆናችሁ?"

"መኪና ተበላሽቶብን" አለ ተስፋዬ።

"መኪናውማ ይኸው መጣ። መድኃኒቱ የታለ?"

"በረዶው ቀልጦ ተበላሸ" አልኳት በከምባትኛ። "ጥፋቱ የኔ ነው። መናገር ሲገባኝ አልተናገርኩም።"

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም፤ ሊገባትም አይችልም። ልጅዋን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዞረቻት። ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የመኪናውን መብራት ልትነካ እጇን ትዘረጋለች። "እሷን ኩፍኙ ገና አልያዛትም" አለችኝ። "እንደገና ትመጣላችሁ?"

"እንመጣለን።"

ስንመለስ ዶዮገና ላይ አስቆምኩና ወደ አማቶቼ ግቢ ገባሁ። አባባ በር ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን በአገጫቸው ተቀበሉ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ የቁልፉን፣ የበረዶውን፣ የእናቶቹን።

"ያ ቁልፍ ልክ እንዳልነበረ ታውቂ ነበር?" አሉኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ሲሰጠኝ አይተሻል? ስይዘው?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ አፍ የለሽም?"

ሙሉ ዕድሜዬን አፍ እንዳይኖረኝ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው፤ አሁን ደግሞ አፍ የለሽም ይሉኛል። "በእርስዎ ፊት፣ አባባ?" አልኩ።

"ከዛሬ ጀምሮ" አሉ በመጨረሻ "መኪና ላይ ስትሆኚ እኔ አማትሽ አይደለሁም። ንገሪኝ።" ጌታ ይባርካቸው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ቃላቸውን ጠበቁ። ግን ሐሙስ ቢሆን ምን ነበረበት!

ኃላፊው በሪፖርቱ ላይ "በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት" ብሎ ጻፈ። አንብቤ ፈረምኩ።

በረዶና ክትባት እንደገና ለማግኘት፣ የነዳጅ ኩፖን ለማስፈረም አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በየቀኑ ቢሮው በር ላይ ቆምኩ፤ "ጓድ፣ ወረፋ ጠብቂ" እየተባልኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በማለዳ ሀደሮ ገባን፤ በረዶው ድንጋይ እንደሆነ ነበር። እናቶቹ ዛፍ ሥር ተሰልፈዋል። ሌላ ጊዜ ከመኪናው አልርቅም፤ ያን ቀን ግን ከሲስተር ማርታ አጠገብ ቆምኩ።

ያቺን ቀጭን ሴት ፈለግኋት። ከሰልፉ መጨረሻ አየኋት። በጀርባዋ ምንም የለም። ማዘያ ነጠላዋን አጣጥፋ በክንዷ ይዛለች። ዓይን ለዓይን ተያየን።

ሰልፉ ፊት ላይ አንድ ወንድ ልጅ መርፌውን አይቶ ይራገጣል፤ እናቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ልትይዘው አልቻለችም። ያቺ ሴት ከኋላ መጣችና ልጁን ተቀበለች። ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ እግሮቹን በጭኖቿ፣ ክንዱን በእጇ ያዘች።

"ይዤዋለሁ" አለች ለሲስተር ማርታ። "ውጊው።"

ተወጋ። ልጁን ለእናቱ መለሰችና እጆቿን ወደ ሰልፉ ዘረጋች።

"የሚቀጥለውን አምጡልኝ" አለች።